ስእለቴ፣ ብሩክ እና የቡድሃ ነገር

ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጥቶ የጽጌ ጾም ከተያዘ በኋላ ነበር። የልጅ ልጄን ክርስትና ላስነሣ ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ሄድሁ። ደስ ብሎኝ ልሄድ ይገባኝ ነበር። ተናድጄ ሄድሁ።

ጥቅምት 19፣ ንጋት፣ ቡሬ

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሴቶች በኩራዝ ብርሃን ዳቦ ይሸጣሉ። ረዳቱ «ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር!» እያለ ይጮኻል። ሾፌሩ ነጠላዬንና ዕድሜዬን አይቶ የፊቱን ወንበር አስለቀቀልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ያናደደኝ ነገር በዋዜማው በስልክ የመጣ ነው። ልጄ ሙሉ ባሕር ዳር ኮሌጅ ታስተምራለች። ባሏ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ወንድ ልጅ ወልደው አርባ ቀኑ ሊሞላ ነው። ደውላ እንዲህ አለችኝ።

«እምዬ፣ ቄሱ ብሩክን አልቀበልም አሉ።»

«ምን አድርጎ?»

«ቡድሂስት ሆኗል ሲባል ሰምተው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስትመጪ ራሱ ይነግርሻል።»

ስልኩን ዘጋሁት። እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ብሩክ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ከሙሉ ጋር አንድ ክፍል ተማረ፣ ከቤቴ በልቶ አደገ። ሁለት ዓመት ህንድ አገር ተምሮ ተመልሶ አሁን ባሕር ዳር ፔዳ በሚሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስተምራል፣ እዚያው ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል። ሙሉ የወለደች ዕለት ደሟ አልቆም አለ። የእኔን ደም ለዕድሜዬ ብለው አልወሰዱም። የባሏ አልገጠመም። ብሩክ ከክፍል ወጥቶ በሩጫ መጣ፤ የእሱ ገጠመ። ደሙን ሰጥቶ ግንቡን ተደግፎ ቁጭ ሲል ከንፈሩ ነጭ ነበር።

ያን ጊዜ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ተንበርክኬ ለእመቤታችን ተሳልሁ። «ልጄን ካተረፍሽልኝ፣ ደሙን የሰጣት ሰው ልጇን ክርስትና ያነሣዋል» አልሁ። ልጄ ተረፈች። ስሟ የተመሰገነ ይሁን። እኔም የባለቤቴን ሙት ዓመት ላወጣ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ለማያውቅ ልንገር። ክርስትና አባት ልጁን ታቅፎ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይዞራል። በልጁ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በልጁ ፈንታ ያምናል። ገና አፍ ላልፈታው ልጅ አፉ እሱ ነው። እንግዲህ ያ አፍ ምን እንደሚል ሳላውቅ ነው መኪና ላይ የተሳፈርሁት።

ረፋድ፣ ኮሶበር

ከቲሊሊ ወዲህ አገሩ ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ነው። የቀርከሃ አጥር፣ በፈረስ ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው፣ ጉም። ኮሶበር ቆምን። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በመስኮት ይሸጣሉ። ለጾም የሚሆን ሌላ ነገር ስላላየሁ ድንቹን ገዛሁ። ትኩስ ነው። ከሻጯ እጅ ስቀበል እጄም ሞቀ።

ያን ጊዜ ነው ልብ ያልሁት። ከሾፌሩ መስታወት ሥር ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው። ሁለተኛው ሆዱን ገልጦ የሚስቅ፣ ወርቅ የተቀባ ትንሽ ሰውዬ ነው።

«ይኼ ማን ነው?» አልሁት።

«ቡድሃ ነው እማማ።»

ድንቹን አስቀመጥሁት።

«ምን ይሠራልሃል?»

«ሆዱን ሲያሹት ገበያ ያመጣል አሉኝ። ከመርካቶ ነው የገዛሁት።»

«አመጣልህ?»

«በገዛሁት ሳምንት ሁለት ጎማ ፈነዳብኝ።»

ኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«ታዲያ ለምን አታወርደውም?»

«ቅዱስ ጊዮርጊስ ለመንገዱ፣ እሱ ለገበያው። አይጣሉም እኮ እማማ።»

«አዙረው።»

«ዕቃ ነው እኮ!»

«ዕቃ ከሆነ ቢዞር አይከፋው። አዙረው አልሁህ።»

አዞረው። አሁን ፊቱ ወደ መንገዱ ሆነ። አንድ ጎልማሳ ከኋላ «ይሁን፣ ትራፊኮቹ ላይ ይሳቅባቸው» አለ። መኪናው በሙሉ በሳቅ ተናጋ። እስከ ዳንግላ ድረስ የዚህ ሰውዬ ምስል ከብሩክ ቤት ተቀምጦ፣ ብሩክም ሆዱን ሲያሽ በዐይኔ ይመጣብኝ ነበር።

ከቀትር በኋላ፣ ዓባይ ማዶ

ከመራዊ ወዲህ ሙቀቱ ይጀምራል። ጋቢዬን አጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ባሕር ዳር ስንገባ ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ የማንጎ ሻጩ ሁሉ በአንድ ላይ ተቀበለን። ሾፌሩ ዕቃዬን ራሱ አወረደልኝ። «ክርስትናው የተባረከ ይሁን እማማ» አለኝ። በመንገድ ስለጮኽሁበት ትንሽ አፈርሁ። መረቅሁት።

በባጃጅ ድልድዩን ተሻገርሁ። ዓባይ ከክረምቱ ሞልቶ ቡናማ ነው። ባለ ባጃጁ ጉማሬ ትናንት ከደንገሉ ውስጥ ታይቷል ብሎ አንገቱን እያሰገገ ነዳ፤ ፊትህን ወደ መንገዱ አድርግ አልሁት።

የሙሉ ፊት መልኩ ተመልሷል። ልጁን አቀፍሁት። ከብዷል። ሽታው የወተት ነው። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ከዚያ ልጁን አስተኝቼ ወደ እናቱ ዞርሁ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከህንድ ከመጣ ጀምሮ።»

«ስሳል አጠገቤ የነበረችው አማትሽ እንኳ ስእለቴን ሰምታለች። አንቺ ግን ዝም አልሽ!»

«እምዬ፣ እኔ ያን ጊዜ ራሴን ስቼ ነበር እኮ።»

እውነቷን ነው። ይኼም አናደደኝ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ሃይማኖት አይደለም ብሎኛል። ፍልስፍና ነው። ሒሳብ የሚወድ ሰው አለ አይደል? እንዲያ ነው።»

«ሒሳብ የሚወድ ሰው ቄስ አይከለክለውም።»

ብሩክ አሥር ሰዓት ግድም ፓፓያ ይዞ መጣ። ጉልበቴን ሳመ። «እንኳን ደኅና መጡ እትየ» አለ። ላመሰግነው ነበር ሐሳቤ። ክንዱን ሳየው ደሙ የተወሰደበት ቦታ ትዝ አለኝ። ባለውለታን መቆጣት ከባድ ነው፤ ቃሉ አፍ ላይ ይተናነቃል። ቢሆንም ተቆጣሁ።

«ምን ሆነህ መጣህ አንተ?»

«ምንም አልሆንሁም እትየ። ብሩክ ነኝ።»

«ቡድሃ ማነው?»

«የዛሬ ሁለት ሺህ ምናምን ዓመት የኖረ ሰው ነው። የንጉሥ ልጅ ነበር ይላሉ። ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ ሬሳ አየ። ቤቱን ጥሎ መነነ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እውነቱ ተገለጠልኝ አለ።»

«ፈጣሪ ነኝ አለ?»

«አላለም። እንደዚህ ስላለው ነገር ሲጠይቁት ዝም ይል ነበር ይባላል። መከራ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይቆማል፣ ያን ነው ያስተማረ። ለዚህ ነው ፍልስፍና የምለው።»

ከዚያ ስለ ቦድጋያ ነገረኝ። ያ ዛፍ የነበረበት የህንድ ከተማ ነው። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በየልማዳቸው መቅደስ ሠርተውበታል። የታይላንዱ ጣሪያው የሾለ፣ የጃፓኑ እንጨቱ የተራቆተ፣ የቲቤቱ በቀለም ያሸበረቀ። በእግር እየዞሩ ሦስቱን ዋና ዋና ቅርንጫፎች ማየት ይቻላል አለ። እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ፤ እኔም እንደገባኝ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ቴራቫዳ ይባላል። የሽማግሌዎች ትምህርት ማለት ነው። ስሪላንካ፣ ታይላንድ፣ በርማ ያሉት ናቸው። መነኮሳቱ ብርቱካናማ ለብሰው ጠዋት ለምነው ይበላሉ፤ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም። ሰው በራሱ ደክሞ ራሱን ያነጻል ይላሉ። አንዱ ሌላውን ሊያነጻ አይችልም።

ሁለተኛው ማሃያና ነው። ትልቁ መጓጓዣ ማለት ነው አለኝ። ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓን፣ ቬትናም። በእነዚህ ዘንድ የመከራ ማብቂያ ከሆነው ዕረፍት ደጅ ደርሶ፣ ሌላው ሳይገባ አልገባም ብሎ የሚመለስ ቅዱስ አለ። ከነዚሁ ወገን ዜን የሚባሉት ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቡድሃ አንድ ብቻ አይደለም ብለው የአንዱን ስም እየጠሩ ወደ ንጹሕ አገር እንደሚወለዱ ተስፋ ያደርጋሉ።

ሦስተኛው ቫጅራያና፣ የቲቤትና የሞንጎሊያ ነው። ያለ መምህር የማይገቡበት፣ ምሥጢር የበዛበት፣ ከበሮና መለከት ያለበት። መቁጠሪያም አላቸው አለኝ።

«መቅደስ፣ መነኩሴ፣ መቁጠሪያ፣ ስም ጥሪ» አልሁት። «ይኼ ነው ፍልስፍና?»

«ለብዙው ሰው ሃይማኖት ነው እትየ። አልዋሽዎትም። ለእኔ ግን ፍልስፍና ነው። ጠዋት ጠዋት ተቀምጬ አሳቤን አያለሁ። እኔ ተጠምቄያለሁ፣ ቤተ ክርስቲያኔንም አልተውሁም።»

«አንተ ከየትኞቹ ነህ?»

«ከመጀመሪያዎቹ።»

«ለራሳቸው ከሚደክሙት?»

«አዎ።»

«ክርስትና አባት ለሌላ ነው የሚደክመው። ያለ ሌላው አልገባም የሚሉት ይሻላሉ። እስከ ነገ ወዲያ እነሱን ሁን!»

ሙሉ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «እምዬ፣ ቀበሌ መቀየር መሰለሽ?» አለችኝ። ብሩክም ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

ሲመሽ ለብቻዬ አሰብሁት። ሃይማኖት ከሆነ ብሩክ ልጁን አያነሣም፣ ስእለቴም ቀረ። ፍልስፍና ከሆነ ያነሣል፣ ስእለቴም ተፈጸመ። ጠዋት ከቡሬ ስነሣ ሃይማኖት ነው ብዬ ነበር የተናደድሁት። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ፍልስፍና ነው አልሁ። ፍልስፍና መሆን አለበት።

የሰፈሩ ቄስ አንድ በር ትተውልናል። መጻሕፍት ያስተማሯቸው የኔታ ጣና ላይ ካለ ገዳም አሉ። «እሳቸው ይሁን ካሉ እኔ ምን አግዶኝ» ብለዋል። እንሄዳለን አልሁ።

ጥቅምት 20፣ ጠዋት፣ ወደቡ

የጀልባው ኪራይ ከቡሬ የመጣሁበትን ሦስት እጥፍ ነው። ባለ ጀልባው ቀጭን፣ ራሱን በፎጣ ያሰረ ሰው ነው። ቅናሽ ብንለው «ነዳጁን ሐይቁ አይሰጠኝ» አለ። ከዚያ እኔን አየና፣

«እናቴ፣ እዚያ ሴት አይገባም። ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። እስከ ወደቡ ነው።»

«እስከ ወደቡ ለመሄድ ይኼን ሁሉ ይከፍላሉ?»

«ስእለት አለብኝ።»

ሌላ አልጠየቀም። ከተስማማነውም ቀነሰልን። እግዚአብሔር ይባርከው።

ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። የደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ በአጠገባችን ያልፋል፤ ቀዛፊው ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ነጭ ትልልቅ ወፎች ይንሳፈፋሉ። ባለ ጀልባው እምቦጭ ወደዚህ ገና አልደረሰም፣ እመቤታችን ትያዝልን አለ። አሜን አልሁ።

ብሩክ ነጠላ አጣፍቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሌላ ቀን ቢሆን ሲያዩት ደስ የሚል ነው።

«ሲጠይቁህ ፍልስፍና ነው በል» አልሁት። «ሌላ አትጨምር።»

«እሺ እትየ።»

«ከቤትህ ምስል አለ?»

«አንድ ትንሽ አለችኝ።»

«ያ ሆዳሙ?»

«ኧረ አይደለም! ያ ቡድሃ አይደለም እትየ። ጆንያ ተሸክሞ የሚዞር የቻይና መነኩሴ ነበር ይባላል። ዓለም ሁሉ ነው የሚሳሳተው።»

«ምንም ይሁን። ምስሏን እንዳታነሣ።»

«ከጠየቁኝስ?»

«አይጠይቁህም።»

«ከጠየቁኝ እትየ?»

«ጌጥ ናት በላ! ስንት ቤት ውስጥ የሸክላ ዝሆን ተቀምጧል።»

ዝም አለ። ውሃውን በጣቱ ይነካል። ዝምታውን አልወደድሁትም። ሕፃን ሆኖ የመስታወት ብርጭቆዬን የሰበረ ቀን እንዲህ ነው ዝም ያለው፤ ኋላ ራሱ መጥቶ ነገረኝ።

ከቀትር በፊት፣ የገዳሙ ወደብ

ደሴቱ ዛፍ ብቻ ነው። ወደቡ ጥቂት ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሴት አትረግጥም። እኔ ከመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ብሩክ ወጣ። የዝንጀሮ ድምፅ ይሰማል። ደጅ መቅረት አልከፋኝም፤ የአባቶች ሥርዓት ነው። የከፋኝ የሚባለውን አለመስማቴ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የኔታ ራሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። ብሩክ ክንዳቸውን ደግፏል። ለእኔ ብለው ነው የወረዱት። እጃቸውን ልስም ስነሣ መስቀላቸውን አወጡ።

«ነገሩ ያንቺ ነው አሉኝ ልጄ። ያለ አንቺ መነገር የለበትም።»

ስእለቴን፣ ደሙን፣ ልጁን ነገርኋቸው። ቡድሃ ፈጣሪ ነኝ እንዳላለ ነገርኋቸው። ሲጠይቁት ዝም እንዳለም አልቀረኝ። ብሩክ ያስረዳኝን እኔ ከእሱ አብልጬ አስረዳሁ። «ፍልስፍና ነው የኔታ» አልሁ። ባለ ጀልባው ሞተሩን መጠገኑን ትቶ ያዳምጣል።

የኔታ ፈገግ አሉ። «ፍልስፍና ቢሆን አልደነግጥም። የግሪክ ፈላስፎች ነገር በግዕዝ ተጽፎ በእኛም ቤት ይነበባል። አንብበን እንወቅሳለን፣ አንብበን እናመሰግናለን፣ እንከድነዋለን።» ወደ ብሩክ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይኼን ነገር አንብበህ ከደንኸው? ወይስ ገብተህበታል?»

«ጥያቄው አልገባኝም የኔታ።»

«እኛ ዘንድ መግቢያ አለ። ነገ ልጁ የሚገባበት ነው። እነሱ ዘንድስ መግቢያ አለ?»

እኔ ዐይኔን አፈጠጥሁበት። አላየኝም።

«አለ» አለ ብሩክ።

«ምን ይባላል?»

«ሦስት ነገር ይባላል። በቡድሃ እጠጋለሁ፣ በትምህርቱ እጠጋለሁ፣ በማኅበሩ እጠጋለሁ። ሦስት ጊዜ ይደገማል።»

«አንተ ብለኸዋል?»

ወፍ ጮኸ።

«ብዬዋለሁ የኔታ። ቦድጋያ፣ በመነኮሳት ፊት ተንበርክኬ።»

«በጨዋታ?»

«አይደለም።»

«ነገ ወደ ምሥራቅ ዞረህ በልጁ ፈንታ ስታምን፣ ያን ቃል ትተወዋለህ?»

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። «ይተወዋል!» አልሁ። «ለአንዲት ጠዋት ነው! ተወዋለሁ በላቸው!»

ብሩክ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ደሙን የሰጠ ዕለት እንደነበረው ነው።

«እትየ፣ እርስዎ ለእመቤታችን ቃል ገብተዋል። እኔም ቃል ገብቻለሁ። የእርስዎን ለመሙላት ብዬ ስለ ልጁ ውሸት ብናገር፣ ልጁ በምን አፍ ገባ ይባላል? ፍልስፍና ነው ስል ራሴንም አታልዬ ነው መሰለኝ። እዚህ ድንጋይ ላይ ቆሜ ሲጠይቁኝ ነው ያወቅሁት።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። አልተቆጡም።

«እውነቱን ነግሮናል» አሉ። «እንዲህ ከሆነ ልጁን አያነሣም። የተጠመቀውን ጥምቀት ግን እሱም ቢሆን ሊፍቀው አይችልም። ደጁ አልተዘጋበትም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስእለትሽ በክፋት አልቀረም ልጄ። በሰው አፍ ላይ ተሳልሽ፤ የሰው አፍ ደግሞ የራሱ ነው። ስግደት እሰጥሻለሁ። ቅሬታሽን ለእመቤታችን ንገሪ፣ ትሰማሻለች።»

ብሩክን በመስቀል ባረኩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ተባረከ። እኔ ያን ለማየት ትዕግሥት አልነበረኝም።

ቀትር፣ ጣና ላይ

ሞተሩ ተነሣ። ደሴቱ ወደ ኋላ ቀረ። እስኪርቅ ጠብቄ ተናገርሁ።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ጠየቁኝ እትየ።»

«ስንት ሰው ነው ተንጠራርቶ፣ የማያምነውን አምናለሁ ብሎ፣ ልጅ አንሥቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ የሚሄድ! ሰካራሙ ያነሣል። ሚስቱን የሚደበድበው ያነሣል። አንተ ነህ የማታነሣ?»

«እነሱ ምን እንዳሉ አላውቅም።»

«እኔን ግን ታውቀኝ ነበር። ደጅ ተንበርክኬ ያለቀስሁትን ታውቅ ነበር።»

ዐይኑ ሞላ። ባለ ጀልባው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ሁለት ልጅ ክርስትና አንሥቻለሁ። ቄሱ ያሉኝን ደገምሁ እንጂ ምን እንደካድሁ፣ ምን እንዳመንሁ ያሰብሁት አሁን ከዚያ ድንጋይ አጠገብ ነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያስ ንዳ።»

ነዳ። ነፋስ ተነሥቶ ውሃው ይረጨናል። ብሩክ ነጠላውን አውልቆ እንዳይበርደኝ በትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። አውልቄ ልመልስለት ፈለግሁ። በርዶኝ ነበር። ተውሁት።

ወደቡ ላይ ስንወርድ፣ «ነገ ልምጣ እትየ?» አለኝ። ነጠላውን ጀልባው ላይ ትቼለት ባጃጅ ተሳፈርሁ።

ቤት ገብቼ ለሙሉ ነገርኋት። አለቀሰች። ባሏ ከፈረቃው ሲመጣ፣ አብሮት የሚሠራ አንድ የንስሐ አባት ያለው ጨዋ ሰው ለመነ። ሰውየው እሺ አለ። ምስጋና ይገባዋል። ሙሉ የዳቦውን ሊጥ እያሸች፣ «ብሩክ ይምጣ አልሽው?» አለችኝ።

«ምንም አላልሁት።»

«እምዬ፣ ደሙ እኮ አሁንም እዚህ ነው ያለው» አለችና ክንዷን አሳየችኝ።

ወደ ጓዳ ገባሁ። ስግደቴን ጀመርሁ። ለእመቤታችን ቅሬታዬን ሁሉ ነገርኋት። በብሩክ ላይ ብዙ ተናገርሁ። ስጨርስ፣ ውሸታም ነው የሚል ቃል ከአፌ አንድም ጊዜ እንዳልወጣ አስተዋልሁ።

ጥቅምት 21፣ ንጋት፣ ፔዳ

ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። ሙሉ ልጁን ስታጥብ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ባጃጅ አቁሜ ድልድዩን ተሻገርሁ።

አከራይዋ ሴትዮ በሩን ከፈተችልኝ። የብሩክ ክፍል ገርበብ ብሏል። መሬት ላይ እግሩን አጣምሮ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ከፊቱ ከመዳፍ የማትበልጥ ምስል አለች። አትስቅም። ከአጠገቧ ጧፍ በርቷል። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሸጠው ጧፍ ነው።

ልቤ ነደደ። ልጠራው አፌን ከፈትሁ።

እኔ ጸሎት ላይ ያለ ሰው አልጠራም። እናቴም አትጠራም ነበር። አፌን ዘጋሁ። ምስሏን ላለማየት ፊቴን ወደ ግቢው አዞርሁና ከደጁ ላይ ቆሜ የራሴን ጸሎት አደረስሁ። እኔ ቀድሜ ጨረስሁ። ባጃጁ ጡሩንባ ነፋ። በእጄ ቆይ አልሁት።

ከኋላዬ ልብሱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«እትየ! ከመቼ ጀምሮ ነው የቆሙት?»

«ልጁን አታነሣም» አልሁት። «ከጎኔ ግን ትቆማለህ። ነጠላህን ልበስ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።»